ከቁስሉ ጠርዝ የሚወሰደው ናሙና

የድሬሲንግ ክፍል ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ቁስል አጥባለሁ፣ የሞተ ሥጋ አነሳለሁ፣ አስራለሁ። ወደ እኔ ክፍል የሚመጡት ቁስሎች በሳምንት ቅርፊት ይዘው የሚደርቁት አይደሉም። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አልፈው አልድን ያሉ ናቸው፤ በስኳር ሕመም በደነዘዘ እግር ሥር የተከፈተ፣ ሥጋ ደዌ ነርቩን ገድሎት በሄደ መርገጫ ላይ የተቦረቦረ፣ ከደጋ በመጣ ልጅ ጉንጭ ላይ አብጦ የፈነዳ ቁንጭር።

ከእነዚህ ቁስሎች አንዳንዶቹ ለሳይንሳዊ ምርምር ናሙና ይወሰድባቸዋል። ናሙናው ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቁራጭ ሥጋ ነው። መሣሪያውን የማዘጋጀው፣ ቁራጩን ተቀብዬ ጠርሙስ ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ። ቁራጩ ለሳይንስ እጅግ እንደሚያስፈልግ በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያኑ ያህል ደግሞ ባለቤቱ ገብቶት "እሺ" ሳይል አንዲት ቅንጣት እንኳ መወሰድ የለባትም ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም እንዲታወቁልኝ ነው የምጽፈው።

ሕመምተኞች አዘውትረው የሚጠይቁኝ "ለምን ትቆርጣላችሁ? መግሉን በጥጥ ጠርጋችሁ አትወስዱም?" ብለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የተከፈተ ቁስል ሁሉ ላዩ ላይ ባክቴሪያ አለበት፤ ከቆዳው፣ ከፋሻው፣ ከአልጋው የመጣ። ያልታጠበ ቁስል በጥጥ ሲታሽ የሚገኘው በአብዛኛው ይሄ መንገደኛ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው ግን ከሥር፣ ሥጋው ውስጥ ነው ያለው። የስኳር ሕመምተኞችን የእግር ኢንፌክሽን የሚመለከቱ ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ቁስሉ ይታጠብ፣ የሞተው ይነሳ፣ ከዚያ ከወለሉ ላይ ተፍቆ ወይም ተቆርጦ ሥጋ ይወሰድ። ኢንፌክሽን የማይታይበት ቁስል ደግሞ ለባክቴሪያ ምርመራ ናሙና ባይወሰድበት ይሻላል፤ ያለ ምክንያት አንቲባዮቲክ ያስጀምራልና።

ይሄ ለሕክምናው ነው። ተመራማሪው የሚፈልገው ሌላም አለ፦ ይህ ቁስል ለምን አልዘጋም?

የሚድን ቁስል በተራ ነው የሚሄደው። ደሙ ይረጋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ገብተው ጀርሙንና የሞተውን ያጸዳሉ፤ ከሥር ቀይ አዲስ ሥጋ ይበቅላል፤ በመጨረሻ ቆዳው ከዳር ተስቦ ይገጥማል። የማይድነው ቁስል ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይቆማል። የማጽዳቱ ሥራ አያበቃም። ነጭ የደም ሕዋሳቱ እየተተካኩ ይመጣሉ፤ የሞተ ሥጋ እንዲያሟሙ የተሠሩት ኤንዛይሞቻቸው አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም፣ እንዲያድግ የሚያዝዙትን ፕሮቲኖችም ይበላሉ። ይህ የታወቀው ከሕመምተኞች ቁስል የተወሰደ ፈሳሽና ሥጋ ላቦራቶሪ ገብቶ ነው። በጤነኛ አይጥ ጀርባ ላይ የተሠራ ቁስል በቀናት ውስጥ ይዘጋል፤ የስድሳ ዓመት ሰው፣ ስኳር ያለበት፣ የእግሩ ደም ሥር የጠበበ፣ ሁለት ዓመት የቆየ ቁስል ምን እንደሚመስል ሊነግረን አይችልም።

ጠርዙን እንመልከት። እኔ በየቀኑ የማየው ነው። የማይድን ቁስል ዳሩ ወፈር፣ ነጣ፣ ጠጠር ያለ ነው፤ በጣት ሲነካ ይጎረብጣል። አላዋቂ ሰው ቆዳው ሥራ ያቆመ ይመስለዋል። ከጠርዙ የተወሰደ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሌላ ታሪክ ነው ያለው። የቆዳ ሕዋሳቱ አልሰነፉም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ እየተባዙ ነው። መሄድ ነው ያቃታቸው። ቁስሉን ለመሸፈን መሳብ ሲገባቸው ባሉበት ይደራረባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ የተሠሩ የጠርዝ ናሙና ጥናቶች የትኞቹ ጂኖች እዚያ እንዳበዱ ለይተው አሳይተዋል። እኛ ስናክም ያንን የወፈረ ዳር በስለት የምናነሳውም በዚህ ምክንያት ነው። ከኋላው መሳብ የሚችል ሕዋስ እንዲገኝ ነው።

ሌላው ትልቅ ግኝት ከባክቴሪያዎቹ አኗኗር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ50 የቆዩና ከ16 አዲስ ቁስሎች የተወሰደ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አነጻጸረ። ከቆዩት በ30ዎቹ ላይ ባክቴሪያዎቹ ተሰባስበው፣ ራሳቸው በሠሩት ሙጫ ተሸፍነው ተገኙ። ከአዲሶቹ ግን እንዲህ የሆነው 1 ብቻ ነበር። ይህ ልባስ ባዮፊልም ይባላል። ውሃ ሲጠራቀምበት የቆየ በርሜል ውስጡ ሲዳሰስ እንደሚያዳልጠው ሽፋን ማለት ነው፤ ውሃውን ብትደፉትም እሱ ይቀራል። አንቲባዮቲክ ወደ ባዮፊልሙ ውስጥ ገብቶ እንደሚገባው አይገድልም። ልባሱ በስለት ተነስቶ ገና መልሶ ሳይደራጅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው መድኃኒቱ የተሻለ የሚሠራው። ሕመምተኞቼ "ትናንት አጽድታችሁት የለ? ዛሬም?" ሲሉኝ የምመልስላቸው ይህንኑ ነው።

አሁን ናሙናው እንዴት እንደሚወሰድ ልንገራችሁ፤ ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነውና። ሐኪሙ በመጀመሪያ መሣሪያ አያነሳም። ጣቱን በእግሩ ላይኛው ጀርባ አሳርፎ የደም ሥሩን ትርታ ይፈልጋል። ትርታው ካልተገኘ ለምርምር ብሎ መቁረጥ የለም፤ ደም በወጉ በማይደርሰው እግር ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው የሚሆነው። ትርታው ካለ ቁስሉ በንጹሕ ጨው ውሃ ይታጠባል፣ በዙሪያው ማደንዘዣ ይወጋል። እግሩ በስኳር ወይም በሥጋ ደዌ የደነዘዘ ሰው "አይሰማኝም፣ አትልፉ" ይለናል። ቢሆንም እንወጋለን። ስሜት ያለውና የሌለው ቦታ ጎን ለጎን ናቸው።

መውሰጃው ጫፉ ክብ ስለት ነው፤ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ። ግማሹ ቆዳው ላይ፣ ግማሹ ቁስሉ ላይ እንዲያርፍ ጠርዙ ላይ ይተከልና እየዞረ ይገባል። ከዚያ ቁራጩ በመርፌ ጫፍ ቀስ ተብሎ ይነሳል። በፒንሳ አጥብቀው ከያዙት ሕዋሳቱ ይጨፈለቃሉ፣ ለማይክሮስኮፕም አይሆንም። እኔ ጎዝ ይዤ ደሙ እስኪቆም እጫናለሁ።

ከዚህ በኋላ ሩጫ ነው። ቁራጩ ይከፋፈላል። አንዱ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ቅርጹን ይጠብቅለታል፣ ባክቴሪያውን ግን ይገድለዋል። ስለዚህ ባክቴሪያ የሚበቅልበት ክፍል በንጹሕ ጨው ውሃ ለብቻው መሄድ አለበት። ጂኖቹ ምን እየሠሩ እንደነበር የሚነበብበት ሦስተኛው ደግሞ ወዲያው ካልቀዘቀዘ ወይም በሚጠብቀው ፈሳሽ ውስጥ ካልገባ መልእክቱ ይበላሻል። ማስቀመጫው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሁላችንም ዓይን እሱ ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ ስም አይጻፍም። ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ የሚቆለፍበት ቦታ አለው።

ስለ ፈቃድ ሳስብ ዘነበወርቅ ያለው የምርምር ተቋም ትዝ ይለኛል። አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በአለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሳሽነት የተቋቋመ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከኖርዌያዊው ሐኪም ከገርሃርድ አርማወር ሃንሰን ነው። ሃንሰን በበርገን ከተማ ከሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ሰውነት እብጠት የተወሰደ ሥጋ ሲመረምር እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ አየ። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች ሥጋ ደዌ በዘር የሚተላለፍ ነው ይሉ ነበር። ያንን እምነት የናዱት ሕመምተኞቹ የሰጡት ትናንሽ ቁራጮች ናቸው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ሃንሰን ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግም ሆነ ወደ እንስሳ ማስተላለፍ አቃተው። እ.ኤ.አ. በ1879 ከአንድ ሕመምተኛ እብጠት የተወሰደውን ነገር በሌላ ሕመምተኛ ሴት ዓይን ላይ በስለት አስገባ። አልነገራትም፣ አልጠየቃትም፤ ለሕክምናዋም አልነበረም። ሴትዮዋ ዝም አላለችም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና ግንቦት 31 ቀን 1880 እ.ኤ.አ. ሃንሰን ከሆስፒታል ሐኪምነቱ እንዲነሳ ተፈረደበት። የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና የሕክምና ሹምነቱን ግን አልተነጠቀም። በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሚመራበት የሄልሲንኪ መግለጫ ከመጽደቁ 84 ዓመት በፊት፣ አንዲት ደሃ ሕመምተኛ በትልቁ ሐኪም ላይ አስፈርዳለች ማለት ነው። የባክቴሪያውን ግኝት ስናስተምር የሷንም ታሪክ አብረን ማስተማር አለብን፤ በበኩሌ አዲስ ለሚመጡ ነርሶች ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ።

የሃንሰን ችግር ዛሬም አለ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እስከ አሁን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አልበቀለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በአይጥ እግር መዳፍ ላይ፣ በ1971 ደግሞ አርማዲሎ በሚባለው የአሜሪካ እንስሳ ውስጥ እንዲራባ ማድረግ ተችሏል፤ ሰውነታችን እንዴት እንደሚዋጋው ለማወቅ ግን የሰው ቆዳ ናሙና የግድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሥጋ ደዌ የነበረበት ሰው እግር ላይ ያለው ቁስል በአብዛኛው ባክቴሪያው የበላው አይደለም። ነርቩ ስለሞተ እሾኽ ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው ሳይሰማው የተፈጠረ ነው። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ቁስል ቢኖረውም በሽታውን አያስተላልፍም። ጎረቤት ይህን ቢያውቅ ስንት ሰው ከመገለል በዳነ!

ቁንጭር ከዚህ ይለያል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ፣ በደጋው ሽኮኮዎች በሚኖሩበት ገደል አካባቢ የሚገኝ በሽታ ነው፤ በአገራችን በአብዛኛው የሚያስከትለው ጥገኛ ተሕዋስ ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ይባላል፣ በአገራችን ስም የተጠራ። ናሙናው ከቁስሉ መሃል ሳይሆን ካበጠው ጠርዝ ነው የሚፋቀው። መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ጊምሳ በሚባለው ቀለም ተነክሮ ሲታይ ተሕዋሱ በነጭ የደም ሕዋስ ሆድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገኛል። አንዱ ልጅ በወራት የሚድንለት፣ ሌላው ፊቱን ሙሉ የሚወርሰው ለምንድነው? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ቁስል የተወሰደው ተሕዋስ ራሱ በውስጡ ቫይረስ እንደሚሸከም፣ ቫይረሱም የሰውነትን የብግነት ምላሽ እንደሚያጋግል አሳየ። ሙሉ መልስ አይደለም፤ ግን አንድ በር ተከፈተ። በሩን የከፈቱት ቁስላቸውን ለማስፋቅ ፊታቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው።

ወደ ፈቃዱ ጥያቄ ልመለስ። እግራቸው በስኳር የቆሰለ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ቅጹ ሲነበብላቸው እኔን ያዩ ነበር።

"ልጄ፣ ይቺን ቁራጭ ወዴት ነው የምትወስዷት?"

"ላቦራቶሪ ነው፣ አባባ።"

"ከዚያስ?"

"ከፊሉ እዚህ ይመረመራል። ከፊሉ ውጭ አገር ይላካል፤ ማሽኑ እዚያ ነው ያለው።"

ትንሽ አሰቡ። "ለልጆቼ የሚጠቅም ከሆነ ውሰጂ። ግን ምን እንዳገኛችሁበት ንገሩኝ።"

የኚህ አባት ጥያቄዎች በሙሉ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። ናሙና ከኢትዮጵያ ሲወጣ ዝም ብሎ አይወጣም፤ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ያየው ጥናት፣ ምን እንደሚላክ፣ ለማን፣ ለምን ሥራና የተረፈው ምን እንደሚሆን የተጻፈበት የናሙና ማስተላለፊያ ውል ያስፈልጋል። ሕመምተኛው ይህን የማወቅ መብት አለው። እኛ የተቆረጠ እግር ቤተሰብ ተረክቦ የሚቀብር ሕዝብ ነን። ከሰውነት የወጣ ሥጋ ለእኛ ቆሻሻ አይደለም። ቁስል ሲጠረግ የሚወጣውና ወደ ማቃጠያ የሚሄደው የሞተ ሥጋ እንኳ ለምርምር ከተፈለገ ይጠየቅበት የምለው ለዚህ ነው። "መጣሉ ላይቀር" ብሎ መውሰድ ትክክል አይደለም።

ፈቃዱን ጠያቂው ማን መሆን አለበት የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ቁስሉን የማጥበው እኔ ነኝ። እኔ ስጠይቅ ሕመምተኛው "ሲስተር ካልሽማ" ይለኛል፤ እምቢ ካለ ነገ በወጉ የማላክመው ይመስለዋል። ያ ፈቃድ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ጥናቱን የሚያስረዳው ሕክምናውን የማይሰጥ ሰው ቢሆን፣ ቦታውም ከድሬሲንግ አልጋው የራቀ ቢሆን ይሻላል። "ቤተሰቤን ላማክር" ያለውን ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ሄዶ አማክሮ ይምጣ ማለት ነው። በወላይታ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት ያጠኑ ተመራማሪዎች የዘር ጥናቱን ከመጀመራቸው በፊት ነዋሪውን "እንዴት ብንጠይቃችሁ ነው የሚገባችሁ? ምን ትፈራላችሁ?" ብለው ጠይቀዋል፤ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ሰዎቹ የፈሩት መርፌውን ብቻ አልነበረም። በሽታው በዘር ነው ተብሎ ቤተሰባቸው ይበልጥ እንዳይገለል ነበር። ይህ የሚታወቀው ሲጠየቅ ብቻ ነው።

ቅር የሚለኝ የውጤቱ ነገር ነው። ናሙና የሰጡ ሰዎች በቀጠሮ ሲመጡ "ያቺ ነገር ምን ሆነች?" ይሉኛል። ናሙና ከክፍላችን ወስዶ ጽሑፉን ካወጣ በኋላ አንድም ቃል ሳይመልስልን የቀረ ጥናት አውቃለሁ። ለአንባቢው ዓለም የደረሰው ውጤት ለእግሩ ባለቤት አልደረሰም። አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ጽፎ መላክ፣ ማንበብ ለማይችለው በቃል መንገር ስንት ብር ይፈጃል? የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ይህን በግዴታ ቢያስገቡት ደስ ይለኛል።

አንባቢዬ፣ ቁስል ከአንድ ወር በላይ አልዘጋ ካላችሁ ወይም አብሯችሁ ባለ ሰው ላይ ካያችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ፀበል የምትጠመቁም ብትሆኑ ሁለቱን አብራችሁ ያዙ፤ ለዓመታት የቆየ ቁስል ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላልና ሐኪሙ ለእናንተው ሕክምና ናሙና ልውሰድ ካለ አትዘግዩ። ናሙናው ለምርምር ከሆነ ግን ጠይቁ፤ ለእኔ ሕክምና ነው ወይስ ለጥናት? ከሚነሳው የሞተ ሥጋ ነው ወይስ አዲስ ትቆርጣላችሁ? ወዴት ይሄዳል? ስሜን ማን ያውቃል? እምቢ ብል ሕክምናዬ ይቀጥላል? ዛሬ እሺ ብዬ ነገ ብተውስ? መልሱ ከገባችሁ ስጡ፤ እኔ ብጠየቅ እሰጣለሁ። ከፈረማችሁ በኋላ የቅጹን አንድ ቅጂ ሳትቀበሉ አትውጡ፤ የተመራማሪውና የኮሚቴው ስልክ የተጻፈው እሱ ላይ ነው።